የቦታ ርቀትና የጊዜ ርቀት፦ ቅጂን በሩቅ ሰርቨር የማኖር ልማድ ታሪክ

በኮምፒውተር ሙያ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጠሩ፣ በዓላማቸው ግን የተለያዩ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው ማመሳሰል ሲሆን፣ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ማሽኖች ላይ የተቀመጡ ፋይሎች ዘወትር አንድ ዓይነት ይዘት እንዲኖራቸው፣ በአንዱ ላይ የተደረገው ለውጥም በሌላው ላይ ወዲያው እንዲደገም የማድረግ ሥራ ነው። ሁለተኛው በተለምዶ ባክአፕ የሚባለው፣ በአማርኛ መጠባበቂያ ቅጂ ማኖር ሊባል የሚችለው ሥራ ሲሆን፣ ዋናው ፋይል ቢጠፋ፣ ቢበላሽ ወይም በስሕተት ቢለወጥ ወደ ቀደመ ይዞታው የሚመለስበትን መንገድ ማዘጋጀት ነው። የተመሳሰሉ ፋይሎችን ቅጂ በሩቅ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ሌት ተቀን እየሠራ በኔትወርክ አማካይነት ለሌሎች ማሽኖች አገልግሎት በሚሰጥና ከባለቤቱ ቤት ወይም ቢሮ ርቆ በሚገኝ ኮምፒውተር ላይ የማኖር ልማድ የተወለደው እነዚህ ሁለት ሥራዎች ከተገናኙበት ስፍራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የልማዱ ታሪክ ሲመረመር አንድ እንግዳ ነገር ጎልቶ ይታያል። መጠባበቂያ ቅጂ ከዋናው በሁለት መንገድ መራቅ አለበት፤ እሳትና ጎርፍ ሁለቱን አብረው እንዳያጠፏቸው በቦታ፣ ስሕተትና ተንኮል ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይሻገሩ በጊዜ። የቀድሞው ዘመን መሣሪያ ቀርፋፋ ስለነበረ ሁለቱንም ርቀቶች ማንም ሳያስብበት በአንድነት ሰጥቶ ነበር፤ ኔትወርክ ሲፈጥን ግን የቦታው ርቀት በጣም ሲቀልል የጊዜው ርቀት ሳይታወቅ ጠፋ። ያለፉት ሠላሳ ዓመታት የዚህ ሙያ ታሪክ በአብዛኛው ይህን የጠፋ ርቀት መልሶ የመፈለግ ታሪክ ነው።

ቅጂን አርቆ ማኖር ራሱን የቻለ ንግድ የሆነው ከኮምፒውተር በፊት ነው። ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን በሃድሰን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ እንጉዳይ በማምረት የከበሩት ኸርማን ክናውስት በ1936 ማዕድኑ ያለቀበት አንድ የብረት ጉድጓድ የገዙት እንጉዳይ ለማብቀል ነበር፤ ነገር ግን የእንጉዳይ ገበያው ሲቀዘቅዝና የአቶሚክ ቦምብ ፍርሃት አገሩን ሲወርር ጨለማውና ድርቁ ዋሻ ለሌላ ጥቅም እንደሚውል አስተዋሉ። በ1951 ያቋቋሙት ድርጅት፣ ኋላ አይረን ማውንቴን በሚል ስም በዓለም ዙሪያ የታወቀው፣ የመጀመሪያ ደንበኛው አንድ የቁጠባ ባንክ ሲሆን፣ ባንኩ የተቀማጭ ሒሳቦቹን የማይክሮፊልም ቅጂና የደንበኞቹን የፊርማ ካርዶች ግልባጭ በብረት ለበስ መኪና ጭኖ ወደ ዋሻው አስገባ። ማይክሮፊልም ማለት ሰነድን እጅግ አሳንሶ በፊልም ጥቅል ላይ የማንሳት ዘዴ ነው። የዋሻው ጥቅም በርቀቱና በውፍረቱ ብቻ ሳይሆን አንዴ የገባው ፊልም ከዚያ በኋላ ባንኩ ውስጥ በሚሆነው ነገር የማይነካ በመሆኑም ጭምር ነበር።

ይኸው ፍርሃት በሌላ ማዕዘን ደግሞ ለኢትዮጵያ ታሪክ ትልቅ ውለታ ያለው ሥራ ወልዷል። በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የቤነዲክት ማኅበር መነኮሳት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ገዳማትና ቤተ መጻሕፍት ላይ የደረሰውን ጥፋት በማሰብና ከዚያ የባሰ ጦርነት ይመጣል ብለው በመስጋት፣ በ1965 የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም እያነሱ ቅጂውን ከአትላንቲክ ማዶ የሚያኖር ቤተ መጻሕፍት አቋቁመው ሥራቸውን በኦስትሪያ ገዳማት ጀመሩ። ከ1973 ጀምሮም በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በመተባበር የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሥራ ተጀመረና፣ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ 9 ሺህ ያህል የብራና መጻሕፍት ተነሥተው አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በኮሌጅቪል ተቀመጠ። በ1976 ወደ ሚኒሶታ የሄዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የእነዚህን ቅጂዎች ዝርዝር መዝገብ በማዘጋጀትና ይዘታቸውን በማጥናት ደክመዋል።

ይህ ሥራ የኮምፒውተር ሥራ ባይሆንም የሩቅ መጠባበቂያ ቅጂን ጠባይ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይልቅ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ብራናው በባለቤቱ ደብር ውስጥ መኖሩን ይቀጥላል፤ በላዩ ላይ ኅዳግ ይጻፍበታል፣ ስም ይፋቅበታል፣ ቅጠል ይገነጠልበታል፣ ወይም እስከነአካቴው ይጠፋል፤ ፊልሙ ግን መጽሐፉ ካሜራ ፊት በቀረበበት ዕለት የነበረውን መልክ እንደያዘ ይቀራል። ፊልሙ ከብራናው ጋር ቢመሳሰል ኖሮ፣ ማለትም በብራናው ላይ የሚደርሰው ሁሉ በፊልሙ ላይም የሚደርስ ቢሆን ኖሮ፣ ስሙ በተፋቀበት ቀን ከፊልሙም ላይ በተፋቀ፣ ቅጠሉ በጠፋበት ቀን ከኮሌጅቪልም በጠፋ ነበር። አንድ አጥኚ የብራናውን የቀድሞ ይዞታ ሊያውቅ የሚችለው ፊልሙ ወደ ኋላ የቀረ በመሆኑ ነው።

በኮምፒውተሩ ዓለም የማይክሮፊልሙን ቦታ የያዘው ማግኔታዊ ቴፕ ነው፤ አይቢኤም በ1952 ካቀረበው 726 ከተባለው የቴፕ ማንበቢያና መጻፊያ ወዲህ ቴፕ የትልልቅ ድርጅቶች ዋና የመረጃ ማከማቻ ሆኖ ቆየ። የኮምፒውተር ክፍሎች በየዕለቱ፣ በየሳምንቱና በየወሩ የሚጻፉ ቴፖችን በየተራ የመጠቀም ሥርዓት ሲያበጁ ለሥርዓቱ የሰጡት ስም አያት፣ አባትና ልጅ የሚል ነበር፤ የዕለቱ ቴፕ ልጅ፣ የሳምንቱ አባት፣ የወሩ አያት ሲሆን፣ ልጁ ቶሎ ቶሎ ተሽሮ ሲጻፍበት አያቱ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። አያቱን በመኪና ጭኖ ወደ ሌላ ሕንፃ መውሰድ የተለመደ ነበርና የቦታው ርቀት በመኪናው፣ የጊዜው ርቀት ደግሞ በተራው ይገኝ ነበር። ዛሬም ድረስ በብዙ ቦታ የሚሠራበት የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይህን ዘመን በቃላቱ ውስጥ ተሸክሞ ይገኛል፤ በ1979 በወጣው በሰባተኛው የዩኒክስ እትም የቀረበው ታር የተባለው ፋይሎችን ጠቅልሎ የሚያስር ፕሮግራም ስሙ የቴፕ ማኅደር ከሚለው ሐረግ ያጠረ ሲሆን፣ ዛሬ ቴፕ በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች በየቀኑ ይጠሩታል።

ሁለተኛው የታሪኩ ክር የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲዎች ነው። በ1980ዎቹ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ኮምፒውተር መጠቀም ሲጀምር፣ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተርም ከኔትወርክ ተነጥሎ መሥራት ሲችል፣ በአንዱ ማሽን ላይ የተሻሻለ ጽሑፍ በሌላው ላይ አሮጌ ሆኖ የመገኘት ችግር መጣ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በማሐዴቭ ሳትያናራያናን መሪነት ከ1987 ጀምሮ የተሠራው ኮዳ የተባለ የፋይል ሥርዓት፣ ተጠቃሚው ከኔትወርክ ተለያይቶ ሥራውን እንዲቀጥልና ሲመለስ ለውጦቹ እንዲታረቁ የሚያደርግ ነበር። ማይክሮሶፍትም በዊንዶውስ 95 ውስጥ በቢሮና በቤት ኮምፒውተሮች መካከል ፋይሎችን የሚያዛምድ፣ በቦርሳ ስም የተሰየመ መሣሪያ አስገብቶ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የማመሳሰልን ትርጉም በጥብቅ የመረመሩት በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የቤንጃሚን ፒርስ ባልደረቦች ሲሆኑ፣ ዩኒሰን የተባለውን ፕሮግራም ሲሠሩ አስቀድመው የጠየቁት ጥያቄ ፋይል የሚያመሳስል ፕሮግራም በእርግጥ ምን ማድረግ አለበት የሚል ነበር። መልሳቸው በአጭሩ ሲገለጽ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተደረገ ለውጥ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በሁለቱም ወገን የተደረገ ግን ግጭት ተብሎ ለሰው ፍርድ ይቀርባል። ፋይልን መሰረዝም አንድ የለውጥ ዓይነት በመሆኑ እንደ ማናቸውም ለውጥ ይሻገራል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለማመሳሰል ፍጹም ትክክል ነው፤ ማመሳሰልን እንደ መጠባበቂያ ለሚቆጥር ሰው ግን አደጋው ያለው እዚሁ ላይ ነው።

የሩቅ ሰርቨሩን ለተራ ሰው የሚደረስበት ያደረገው ሥራ የመጣው ከአውስትራሊያ ዋና ከተማ ከካንቤራ ነው። በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ በሰኔ 1996 አርሲንክ የተባለውን ፕሮግራም ለሕዝብ ሲያቀርቡ፣ ሊፈቱት የተነሡት ችግር በቀጭን የስልክ መስመር ትልልቅ ፋይሎችን ማሻገር ነበር። በዚያን ጊዜ ሞደም፣ ማለትም የኮምፒውተርን መረጃ ወደ ስልክ ድምፅ የሚለውጠው መሣሪያ፣ ዛሬ በአንድ ሰከንድ የሚያልፈውን ፋይል ለማሳለፍ ረጅም ሰዓት ይፈጅ ነበር። በኢትዮጵያም የሕዝብ ኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው አርሲንክ ከታወጀ ጥቂት ወራት በኋላ በ1997 ሲሆን፣ የአገሩ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎች የሚያውቁት መስመርም ይኸው በስልክ ሽቦ የሚሄደው ቀጭን መስመር ነበር።

ሁለት ፋይሎችን አነጻጽሮ ልዩነታቸውን ብቻ መላክ አዲስ ሐሳብ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ሁለቱ ፋይሎች በተለያዩ አገሮች ባሉ ማሽኖች ላይ ሲሆኑ፣ ማለትም ላኪው የተቀባዩን አሮጌ ቅጂ ሊያየው በማይችልበት ጊዜ፣ ልዩነቱን ማግኘት መቻሉ ነው። ዘዴው እንዲህ ነው። ተቀባዩ የያዘውን አሮጌ ቅጂ እኩል መጠን ወዳላቸው ትናንሽ ክፍሎች ይከፍልና ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት አሻራ፣ ማለትም ከክፍሉ ይዘት በስሌት የተገኙ አጫጭር ቁጥሮች ያዘጋጃል፤ አንደኛው 32 ቢት ርዝመት ያለው፣ በፍጥነት የሚሰላ፣ ነገር ግን አልፎ አልፎ ሊያሳስት የሚችል አሻራ ሲሆን፣ ሁለተኛው 128 ቢት ርዝመት ያለው፣ ለስሌት የሚከብድ፣ የማያሳስት ነው ለማለት የሚቻል አሻራ ነው። ተቀባዩ ክፍሎቹን ሳይሆን የአሻራዎቹን ዝርዝር ብቻ ይልካል። ላኪው ደግሞ በአዲሱ ፋይል ላይ የክፍሉን ያህል ስፋት ያለው መስኮት እንደማስኬድ ያለ ሥራ ይሠራል፤ መስኮቱ በአንድ ባይት ወደፊት በተንሸራተተ ቁጥር ፈጣኑ አሻራ እንደገና ከመጀመሪያው አይሰላም፤ ከኋላ የወጣው ባይት ተቀንሶ ከፊት የገባው ስለሚደመርበት አዲሱ ቁጥር ከአሮጌው ላይ ይገኛል። ፈጣኑ አሻራ በዝርዝሩ ውስጥ ከተገኘ በከባዱ አሻራ ይረጋገጣል፤ ከተረጋገጠም ላኪው ያንን ክፍል ራሱን ሳይሆን የዚህ ቁጥር ክፍል እዚያ አለህ የሚል አጭር መልእክት ይልካል። ሳይገጥም የቀረው ባይት ብቻ እንዳለ ይላካል።

ይህ ዘዴ በተለይ የሚደነቀው በፋይሉ መጀመሪያ ላይ አንድ ቃል ሲጨመር ነው፤ ቃሉ የቀረውን ጽሑፍ ሁሉ ወደፊት ስለሚገፋው፣ ክፍሎችን በቋሚ ቦታቸው ብቻ የሚያነጻጽር ፕሮግራም ፋይሉ በሙሉ የተለወጠ መስሎት ሁሉንም እንደ አዲስ ይልካል፤ የሚንሸራተተው መስኮት ግን የተገፉትን ክፍሎች በአዲሱ ቦታቸው ያገኛቸዋል። ትሪጅል ይህን ሥራ በ1999 ለዶክትሬት ዲግሪያቸው ባቀረቡት ጥናት ውስጥ በሰፊው አብራርተውታል። ከሌሎች የዘመኑ ግኝቶች ጋር ሲነጻጸር ስሙ በአደባባይ ያልተጠራ ሥራ ነው፤ ሆኖም ግን ሩቅ ያለ ሰርቨር በየሌሊቱ የአንድን ቤተሰብ ወይም የአንድን መሥሪያ ቤት ፋይሎች ሊቀበል የቻለው በዋናነት በዚህ ቁጠባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመንገዱ ደኅንነት ጉዳይ ሌላ ምንጭ አለው። በ1995 በፊንላንድ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት በሌቦች መጠለፋቸው ሲታወቅ፣ በዚያው ተመራማሪ የነበሩት ታቱ ኡለነን በሁለት ማሽኖች መካከል የሚያልፈውን ሁሉ የሚመሰጥር ኤስኤስኤች የተባለ ፕሮግራም ሠርተው በዚያው ዓመት ለሕዝብ ለቀቁ። ምስጠራ ማለት መልእክቱን ቁልፉን ከያዘ ሰው በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ መለወጥ ነው። በኤስኤስኤች አንድ ማሽን በይለፍ ቃል ፈንታ ጥንድ የሆኑ ቁልፎችን ተጠቅሞ ማንነቱን ሊያስረዳ ስለሚችል፣ ሰው እንቅልፍ ላይ ባለበት ሰዓት ሰርቨሮች በራሳቸው ተገናኝተው ሥራቸውን ለመሥራት ቻሉ። አርሲንክ በኤስኤስኤች ውስጥ ማለፍ ሲጀምርና የዩኒክስ ቀጠሮ አስጠባቂ ፕሮግራም የሆነው ክሮን በየሌሊቱ ሲቀሰቅሰው፣ የቴፑ መኪና ሥራ በጥቂት መስመር ትዕዛዝ ተተካ።

ሆኖም ከመኪናው ጋር አያቱም አብሮ ሄደ። አርሲንክ በተለመደው አሠራሩ ሩቅ ባለው ማሽን ላይ የሚተወው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ የዛሬው ሌሊት ቅጂ በትላንቱ ላይ ይጻፋል፤ ተጠቃሚው በቀን ያበላሸው ፋይል በሌሊት ተበላሽቶ ይሻገራል። ችግሩን ለመፍታት በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው ብልሃት ሃርድ ሊንክ በተባለው የዩኒክስ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። በዩኒክስ የፋይል ስምና የፋይል ይዘት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና አንድ ይዘት ብዙ ስሞች ሊኖሩት ይችላል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀን ሙሉ የሚመስል ፎልደር ሲበጅ፣ ያልተለወጡት ፋይሎች በትላንቱ ይዘት ላይ የተጨመሩ አዲስ ስሞች ብቻ ሲሆኑ፣ በዲስኩ ላይ ቦታ የሚወስዱት የተለወጡት ብቻ ናቸው። በ2002 በቤል ላብራቶሪዎች ሾን ኩዊንላንና ሾን ዶርዋርድ ያቀረቡት ቬንቲ የተባለ ሥርዓት ከዚህም አልፎ አንዴ የተጻፈ ነገር ፈጽሞ የማይሰረዝበት፣ እያንዳንዱ የመረጃ ክፍል በአሻራው የሚጠራበት መዝገብ ሆነ። አፕልም በ2007 ታይም ማሽን የተባለውን ሲያወጣ ይኸው የሃርድ ሊንክ ብልሃት ለተራ ተጠቃሚ ደረሰ።

በዚያው በ2007 ግን ሌላ ነገር ተጀምሯል። ድሩ ሂውስተንና አራሽ ፈርዶውሲ ያቋቋሙት ድሮፕቦክስ፣ በየማሽኑ ላይ አንድ ፎልደር አስቀምጦ በዚያ ውስጥ የገባውን ሁሉ በኩባንያው ሰርቨሮች አማካይነት ያመሳስል ነበር፤ ተጠቃሚው ቁልፍ መፍጠር፣ ትዕዛዝ መጻፍ፣ ቀጠሮ መያዝ አላስፈለገውም። በ2010 በፍራንክ ካርሊቸክ የተጀመረው ኦውንክላውድ ሰዎች ይህንኑ አገልግሎት በራሳቸው ሰርቨር ላይ እንዲያቋቁሙ አስቻለ፤ በ2013 የወጣው ሲንክቲንግ ደግሞ መካከለኛ ሰርቨርን ጨርሶ ትቶ ማሽኖቹ እርስ በርሳቸው በቀጥታ እንዲመሳሰሉ አደረገ። እነዚህ ሁሉ ድንቅ ሥራዎች ናቸው። የተሰረዘን ፋይል ለጥቂት ጊዜ የማቆየት፣ የቀድሞ እትሞችን የማስታወስ ችሎታም በየደረጃው አላቸው። ነገር ግን ምቾታቸው ራሱ ሰውን አዘናጋ፤ ፋይሉ በላፕቶፑም፣ በስልኩም፣ በሩቁ ሰርቨርም ላይ መታየቱ ሦስት ቅጂ ያለ ሲያስመስለው፣ እውነቱ ሲታይ ግን ሦስት ቦታ የሚታይ አንድ ቅጂ ነበር።

ወደ ኋላ የቀረ ቅጂ እንዴት እንደሚያድን ሙያው አስቀድሞ ምልክት አግኝቶ ነበር። በ1998 የፒክሳር ስቱዲዮ ሠራተኞች ቶይ ስቶሪ 2 የተባለውን የካርቱን ፊልም ሲሠሩ አንድ የተሳሳተ የመሰረዝ ትዕዛዝ የፊልሙን አብዛኛውን ክፍል ከሰርቨሩ አጠፋው፤ ሲታይም የቴፕ ቅጂዎቹ ሳይታወቅ ለሳምንታት በትክክል አልተመዘገቡም። ፊልሙን ያተረፈው የቴክኒክ ኃላፊዋ ጋሊን ሰስማን ከወለዱ በኋላ ከቤታቸው ይሠሩ ስለነበረ በቤት ኮምፒውተራቸው ላይ ያኖሩት ቅጂ ነው። ቅጂው የዘገየ ነበር፤ ከዋናው ጋር በየደቂቃው የሚመሳሰል ቢሆን ኖሮ የመሰረዙ ትዕዛዝ ቤታቸው ድረስ በተከተለው ነበር።

የጊዜ ርቀት ማጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ግን በሰኔ 27 ቀን 2017 የደረሰው ነው። ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በዩክሬን ከሚሠራበት የሒሳብ ሶፍትዌር ተነሥቶ በዓለም ዙሪያ ሲሰራጭ፣ በመርከብ ጭነት ከዓለም ታላላቆች አንዱ የሆነውን የዴንማርኩን ሜርስክ ኩባንያ ኮምፒውተሮች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። ኩባንያው የሠራተኞቹን ማንነትና ፈቃድ የሚይዙ፣ ዶሜይን ኮንትሮለር የሚባሉ 150 ያህል ሰርቨሮች በተለያዩ አገሮች ነበሩት፤ ሁሉም እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ እያንዳንዱ ለሌሎቹ መጠባበቂያ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። በቦታ ከዚህ በላይ መራቅ አይቻልም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። በኋላ እንደተዘገበው፣ ከመቶ ሃምሳው መካከል የተረፈው በጋና የነበረው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የተረፈውም ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርኩ ተለያይቶ ስለነበረ ነው። በሰርቨሩ ውስጥ የነበረውን መረጃ በኔትወርክ ወደ እንግሊዝ ለመላክ የጋናው መስመር ቀጭን ስለነበረ ቀናት ይወስድ ነበር፤ ከጋና ሠራተኞች መካከልም የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም፤ ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ወደ ናይጄሪያ በርሮ ዲስኩን በአውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ባልደረባ አስረከበና እርሱ ለንደን አደረሰው። ኩባንያው የደረሰበትን ኪሳራ ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። በአፍሪካ ከተሞች እንደ ጉድለት ብቻ የሚቆጠረው የመብራት መጥፋት ለዚያ ሰርቨር የጊዜ ርቀት ሰጥቶት ነበር፤ ማንም ያላቀደው ነውና ግን በእንዲህ ያለ ዕድል ላይ መደገፍ አይቻልም።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ትምህርት መጣ። በመጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ በስትራስቡርግ የኦቪኤችክላውድ የመረጃ ማዕከል በእሳት ተያይዞ አንዱ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ሲወድም፣ ዋናውንም ቅጂውንም በዚያው ግቢ ያኖሩ ደንበኞች ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አጡ። ክላውድ፣ ማለትም ደመና፣ የሚለው ስም ፋይሉ በየትም የሌለ ያስመስለዋል፤ ፋይሉ ግን ሁልጊዜ በአንድ በሚታወቅ ከተማ፣ ሊነድ በሚችል ሕንፃ ውስጥ ነው።

በእነዚህ ዓመታት የተሠሩት አዳዲስ መሣሪያዎች ሁለቱን ርቀቶች ዳግም ለማገናኘት የሚጥሩ ናቸው። በ2015 ከቀደመው አቲክ ከተባለ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣው ቦርግና በዚያው ሰሞን በአሌክሳንደር ኖይማን የተሠራው ሬስቲክ ፋይልን በቋሚ መጠን ሳይሆን በይዘቱ መሠረት ይቆርጣሉ፤ የሚቆርጡበትን ቦታ የሚመርጡትም ከካንቤራው ዘዴ ጋር ዘመድ በሆነ በሚንሸራተት አሻራ ነው። አንድ ዓይነት ቁራጭ በመቶ ቀናት ቅጂ ውስጥ ቢገኝ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚቀመጥ፣ የመቶ ቀናት ታሪክ ማኖር የአንድ ቀን ቅጂ ከማኖር ብዙ አይርቅም። ቁራጮቹ ከባለቤቱ ማሽን ሳይወጡ ስለሚመሰጠሩም ሰርቨሩን ያከራየው ሰው የሚያየው ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ነው። ከዚህ ጋር የሚሄደውን የአያያዝ ደንብ ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮህ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ በሚል አሳጥረው አስቀምጠውታል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ማለት ነው። ደንቡ ስለ ቦታ በሚገባ ይናገራል፤ ስለ ጊዜ ግን ዝም ይላል፤ በዚህ ጽሑፍ አስተያየት ይህ ዝምታ ሊታረም የሚገባው ነው።

ዛሬ ሥራውን በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው የሩቁን ሰርቨር ሲያቋቁም ከዚህ ታሪክ የተወረሰ አንድ ውሳኔ አስቀድሞ ያደርጋል፤ ይኸውም የሚመሳሰሉት ማሽኖች በሰርቨሩ ላይ ያለፈውን ነገር ለመሰረዝ ሥልጣን እንዳይኖራቸው ማድረግ ነው። ይህም የሚሆነው ወይ ሰርቨሩ ራሱ ወደ እነርሱ ሄዶ ፋይሎቹን እንዲስብና እነርሱ ግን ወደ ሰርቨሩ የሚገቡበት ቁልፍ እንዳይኖራቸው በማድረግ፣ ወይም የሚሰጣቸው የኤስኤስኤች ቁልፍ አዲስ ነገር ከመጨመር በቀር ሌላ ትዕዛዝ እንዳይቀበል በመወሰን ነው። ሰርቨሩም በበኩሉ በየዕለቱ የያዘውን ሁሉ ቅጽበታዊ ምስል እያነሳ ያኖራል፤ የልጁን ለሳምንት፣ የአባቱን ለወር፣ የአያቱን ለዓመት። አያቱ ቴፕ መሆኑ ቀርቶ በዲስክ ላይ የተመዘገበ ቀን ሆኖ ተመልሷል።

የቀረው የመልሶ ማውጣት ፈተና ነው፤ ፈተናውን ሳይደግሙ መቅረት ምን እንደሚያመጣ በጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ጸሐፊዎች አገልግሎት በግልጽ አሳይቷል። አንድ መሐንዲስ ሁለት የሚመሳሰሉ የመረጃ ቋቶችን ለማስተካከል ሲሞክር በተሳሳተው ሰርቨር ላይ የመሰረዝ ትዕዛዝ ሰጠ፤ ኩባንያው ወደ መጠባበቂያዎቹ ሲዞርም በየዕለቱ ይላክ የነበረው ቅጂ በፕሮግራሞች እትም አለመጣጣም ምክንያት ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን የሚያሳውቀው የኢሜይል ማስጠንቀቂያም ለማንም ሳይደርስ ቀርቶ ነበር። የተረፈው ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ በእጁ ያነሳው ምስል ነው። ኩባንያው ጥፋቱን ሳይሸሽግ በዝርዝር ጽፎ ማውጣቱ ለሙያው ትልቅ አገልግሎት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጥንቁቅ የሰርቨር ኃላፊዎች በየወቅቱ ባዶ ማሽን አንሥተው፣ ከአንድ ወር በፊት የነበረን አንድ ፋይል ከሩቁ ሰርቨር ያወጡና፣ አሻራውን አስልተው ያን ጊዜ ከተመዘገበው አሻራ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩታል።